ታሪክ እንደ ፀሓይና እንደ ጨረቃ ቀመር አለውን?

በባሕረ ሐሳብ የሠለጠነ ሊቅ የዓመቱን አበቅቴና መጥቅዕ አውጥቶ ፋሲካ በየትኛው ቀን እንደሚውል ይናገራል። የሚናገረውም ለሚመጣው ዓመት ብቻ አይደለም፤ ንኡስ ቀመር 19 ዓመት፥ ዐቢይ ቀመር 532 ዓመት ነውና፥ ገና ያልተወለደ ሰው የሚጾመውን ጾምና የሚያከብረውን በዓል ዛሬ ቈጥሮ ለማስታወቅ ይችላል። ነገር ግን ይህንኑ ሊቅ፥ በዚያ በተቈጠረው የፋሲካ ቀን አገሩን የሚያስተዳድረው ማን ነው፤ ሕዝቡስ በሰላም ይኖራል ወይስ በጦርነት ብለው ቢጠይቁት፥ ይህ ከቀመር የሚወጣ ነገር አይደለም ብሎ ይመልሳል። እንዲህ ማለቱም የትምህርቱን ጕድለት አያሳይም፤ ይልቁንም የዕውቀቱን ወሰን ጠንቅቆ ማወቁን ያስረዳል።

የፍልስፍና ሰዎች ግን በዚህ ወሰን ላይ ብዙ ዘመን ተከራክረዋል። አንዳንዶቹ፥ የመንግሥታት መነሣትና መውደቅ፥ የሕዝቦችም መበልጸግና መደኽየት እንደ ከዋክብት አካሄድ የተወሰነ ሕግ አለው፤ ሕጉን ያገኘ ሰውም የሚመጣውን አስቀድሞ ያውቃል አሉ። ሌሎቹ ደግሞ፥ ታሪክ የሰው ፈቃድና የሰው አሳብ ሥራ ስለ ሆነ እንዲህ ያለ ቀመር አይገኝለትም ብለው መለሱ። ይህ ነገር የመምህራን ክርክር ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር ነገሩን እስከ ሥሩ አልተመለከተውም። የሚመጣው ሁሉ ተቈርጦ ያለቀ ነው ብሎ የሚያምን ሹም፥ ከትእዛዙ የተነሣ በሕዝብ ላይ የሚደርሰውን ጕዳት የታሪክ ሥራ እንጂ የራሱ ሥራ አድርጎ አይቈጥረውም። ስለዚህ ክርክሩ መጨረሻው የኀላፊነት ክርክር ነው። በዚህ ጽሕፈት የሚጠቀሱትም ዓመታት፥ የኢትዮጵያ መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር፥ በኤውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

አሳቡ ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው መቶ ዓመት የነበረው የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ፖሊቢዮስ፥ መንግሥት በዙር ይሄዳል አለ፤ ይኸውም የአንድ ንጉሥ መልካም አገዛዝ ወደ ግፍ፥ የመኳንንት አገዛዝ ወደ ጥቂቶች ስስት፥ የሕዝብ አገዛዝ ወደ ሁከት እየተለወጠ፥ በመጨረሻ ተመልሶ ከአንድ ሰው እጅ ይገባል ማለት ነው። በሰሜን አፍሪካ የተወለደው የዐረብ ሊቅ ኢብን ኻልዱን ደግሞ በ1377 በጻፈው በታወቀው የታሪክ መቅድም፥ አንድ ሥርወ መንግሥት አብዛኛውን ጊዜ ከሦስት ትውልድ አያልፍም፤ የመዠመሪያው ትውልድ በበረሓ ኑሮ ጠንክሮ መንግሥትን ያቀናል፥ ሁለተኛው በከተማ ድሎት ይለዝባል፥ ሦስተኛው የአባቶቹን ድካም ፈጽሞ ይረሳል ብሎ አስተማረ፤ ለያንዳንዱም ትውልድ 40 ዓመት ሰጠው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ግን ከብዙ ምሳሌ ያስተዋሉትን ልማድ ተናገሩ እንጂ፥ ሕጉ ይፈጸም ዘንድ ሰው ይሙት አላሉም።

በ19ኛው መቶ ዓመት ነገሩ ሌላ መልክ ያዘ። ኒውተን የሰማይን አካላት እንቅስቃሴ በጥቂት ሕግ ጠቅልሎ ስላሳየ፥ ለሰውም ማኅበር እንዲሁ ያለ ሕግ አይታጣም ብለው ብዙ ሰዎች ተስፋ አደረጉ። ፈረንሳዊው ኦጉስት ኮንት የሰው አእምሮ በሦስት ደረጃ፥ ማለት በሃይማኖት፥ በረቂቅ ፍልስፍናና በሳይንስ ደረጃ ያልፋል አለ። እንግሊዛዊው ሄንሪ ቶማስ በክል በ1857 ማሳተም በዠመረው የእንግሊዝ ሥልጣኔ ታሪክ፥ ራሳቸውን የሚገድሉ ሰዎች ቍጥር ከዓመት ዓመት መቀራረቡን፥ የጋብቻም ቍጥር የእህልን ዋጋ መከተሉን፥ አድራሻ ሳይጻፍባቸው ወደ ፖስታ ቤት የሚገቡት ደብዳቤዎች እንኳ በየዓመቱ መመሳሰላቸውን አመልክቶ፥ የሰው ሥራ ነፃ መስሎ ቢታይም በሕግ የታሰረ ነው ሲል ደመደመ። ከሁሉ ይልቅ ግን ዓለምን ያናወጠው የካርል ማርክስ ትምህርት ነው። ማርክስ ካፒታል የተባለውን መጽሐፉን የመዠመሪያ ክፍል በ1867 ሲያሳትም፥ በኢንዱስትሪ የቀደመች አገር ወደ ኋላ ለቀረችው የወደፊት መልኳን ታሳያታለች የሚል አሳብ በመቅድሙ አስገባ። ከደቀ መዛሙርቱም ብዙዎቹ ይህን ቃል ለዓለም ሁሉ የተሠራ ቀመር አድርገው ተቀበሉት።

ይህ ቀመር በብርቱ የተፈተነው፥ ቀድሞ በኢትዮጵያ መስኮብ ትባል በነበረችው በሩስያ ነው። ካፒታል ወደ ሌላ ቋንቋ ሲተረጐም የመዠመሪያው ትርጕም በ1872 የወጣው የሩስያው ነበረ። አገሪቱ ግን ፋብሪካዋ ጥቂት፥ ሕዝቧም አብዛኛው ገበሬ ነበር፤ ገበሬውም ለባለ መሬት ተገዝቶ ከመኖር ነፃ የወጣው ገና በ1861 ነው። በብዙ አውራጃ መንደርተኛው መሬቱን በማኅበር ይዞ፥ በየጊዜው በቤተ ሰቡ ቍጥር እየተደለደለ ያርስ ነበር፤ ይህም በኤርትራና በትግራይ ደጋ ዴሳ ከሚባለው የመሬት ሥርዓት ጋራ የሚቀራረብ ነው። የአገሪቱ ለውጥ ፈላጊዎች በዚህ የመንደር ማኅበር ምክንያት በሁለት ተከፈሉ። ከፊሎቹ፥ ማኅበሩ ከግብርና ከግፍ ቢያርፍ ለአዲስ ኑሮ መሠረት ይሆናል አሉ። ከፊሎቹ ደግሞ የማርክስን መጽሐፍ ይዘው፥ ማኅበሩ በታሪክ ሕግ ሞት የተፈረደበት ስለ ሆነ ገበሬው መሬቱን አጥቶ የፋብሪካ ሠራተኛ እስኪሆን መጠበቅ ይገባል አሉ።

በዚህ ጊዜ ቬራ ዛሱሊች የምትባል ሴት ጥያቄውን ወደ ራሱ ወደ ማርክስ አቀረበች። ዛሱሊች በ1849 የተወለደች ናት፤ የፔተርስቡርግ ገዥ ጄኔራል ትሬፖፍ አንድ የፖለቲካ እስረኛ ቆቡን አላወለቀልኝም ብሎ ስላስገረፈው፥ በ1878 ገዥውን በሽጉጥ አቍስላ፥ መተኰሷ የታወቀ ሲሆን፥ ከሕዝብ የተመረጡት ፈራጆች ነፃ ለቀቋት፤ ከዚያም ወደ ስዊስ አገር ሸሸች። በየካቲት ወር በ16ኛው ቀን 1881 ከጄኔቫ ወደ ለንደን በላከችው ደብዳቤ፥ የዓለም አገሮች ሁሉ በካፒታሊዝም ደረጃ የግድ ማለፍ አለባቸውን ብላ ጠየቀች። ነገሩም ለወገኖቿ የሞትና የሕይወት ጕዳይ መሆኑን ገለጸች። የመንደሩ ማኅበር ለመልማት የሚችል ከሆነ ለውጥ ፈላጊው ኀይሉን ሁሉ ለርሱ መስጠት ይገባዋል፤ ሊጠፋ የተፈረደበት ከሆነ ግን ለውጥ ፈላጊው የቀረለት ሥራ፥ የገበሬው መሬት ከባለጠጋ እጅ እስኪገባ ስንት ዐሥር ዓመት፥ ካፒታሊዝምም እንደ ምዕራብ ኤውሮፓ እስኪያድግ ስንት መቶ ዓመት እንደሚፈጅ መቍጠር ብቻ ይሆናል ስትል አስረዳች። በዚህ ቃል ውስጥ የክርክሩ ፍሬ በሙሉ ይገኛል። ሰው የታሪክ ሠራተኛ ነው ወይስ የዓመታት ቈጣሪ?

ማርክስ ለመመለስ ተቸገረ። መልሱን ደጋግሞ እየጻፈ አራት ጊዜ ያኽል አረቀቀ፤ ከነዚህም ሦስቱ ረዣዥም ነበሩ። በመጨረሻ በመጋቢት ወር በ8ኛው ቀን የላከው አጭር ደብዳቤ ነው። በዚህም ደብዳቤ፥ በካፒታል የገለጸው የማይቀር አካሄድ በምዕራብ ኤውሮፓ አገሮች ብቻ የተወሰነ መሆኑን ተናገረ፤ በዚያ ስፍራ አንዱ የግል ይዞታ ወደ ሌላ ዓይነት የግል ይዞታ ተለወጠ፥ በሩስያ ግን ሊለወጥ የሚችለው የማኅበር ይዞታ ነውና። ስለዚህ መጽሐፉ ለመንደሩ ማኅበር አይፈርድለትም፥ አይፈርድበትምም፤ ለብቻው መርምሮ እንደ ተረዳው ግን፥ ከየአቅጣጫው የሚያጠቃው ነገር ቢወገድለት ማኅበሩ ለአገሪቱ መታደስ መደገፊያ ሊሆን ይችላል አለ። ከዚህም ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ በ1877 ለአንድ የሩስያ መጽሔት ጽፎ ሳይልከው በቀረ ደብዳቤ፥ የጥንት ሮማን ገበሬዎች ምሳሌ አድርጎ ነበር። እነዚያም እንደ እንግሊዝ ገበሬዎች ከመሬታቸው ተነቀሉ፤ ዳሩ ግን የፋብሪካ ሠራተኛ ሳይሆኑ በከተማ ሥራ ፈት ሕዝብ ሆነው ቀሩ። የሚመሳሰል ነገር በተለያየ ዘመንና ሁኔታ ሲደርስ የተለያየ ፍሬ ያፈራል፤ ለሁሉም የሚከፍት አንድ ቍልፍ የለም ማለቱ ነው። የታሪክ ሕግ ትልቅ አስተማሪ የተባለው ሰው ራሱ ሕጉን በስፍራና በጊዜ ወሰነው።

የደብዳቤው ዕድል ከመልሱ ይልቅ ያስደንቃል። ዛሱሊች፥ ፕሌኻኖፍና ጓደኞቻቸው በ1883 በጄኔቫ ማኅበር አቁመው፥ ሩስያ በካፒታሊዝም ማለፏ የግድ ነው የሚለውን ትምህርት ማስፋፋት ዠመሩ። የማርክስ መልስ በእጃቸው ሳለ ለሕዝብ ሳይታተም ቀረ። ሪያዛኖፍ የተባለ ሊቅ በ1911 ረቂቆቹን ከማርክስ ቤተ ሰብ ወረቀት መካከል አግኝቶ፥ ደብዳቤው ደርሶ እንደ ሆነ ቢጠይቅ፥ ከፕሌኻኖፍም ከዛሱሊችም ደርሷል የሚል ቃል አላገኘም። ዋናው ደብዳቤ የተገኘው በ1923፥ የታተመውም በ1924 ነው፤ ይህም ፕሌኻኖፍ በ1918፥ ዛሱሊችም በ1919 ከሞቱ በኋላ ነው። ሕጉ እናንተን አይመለከትም የሚለው ቃል ሕጉን በሚያስተምሩ ሰዎች ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ከ40 ዓመት በላይ ቈየ።

ሩስያም ሕጉን አልጠበቀችም። እንደ ቀመሩ ቢሆን ኖሮ አብዮቱ የሚነሣው ኢንዱስትሪ በበዛበት በእንግሊዝ ወይም በጀርመን ነበር፤ በ1917 የተነሣው ግን በገበሬ አገር ነው። ጣልያናዊው ግራምሺ በዚያው ዓመት በታኅሣሥ ወር፥ ይህ አብዮት ካፒታል የተባለውን መጽሐፍ የሚቃወም አብዮት ነው ብሎ ጻፈ። ይሁን እንጂ ሕጉን በሥራ ያፈረሱት ሰዎች ሥልጣኑን ከያዙ በኋላ የሕጉ ብርቱ ጠባቂዎች ሆኑ። በስታሊን ዘመን በ1938 በታተመው የፓርቲ ታሪክ መጽሐፍ፥ የሰው ልጅ ታሪክ ከጥንቱ የማኅበር ኑሮ ወደ ባሪያ አሳዳሪ ሥርዓት፥ ከዚያም ወደ ፊውዳል፥ ወደ ካፒታሊዝምና ወደ ሶሻሊዝም የሚወስዱ አምስት ደረጃዎች ተሰጡት። ያ የመንደር ማኅበር ደግሞ ገበሬው በግድ ወደ መንግሥት የኅብረት እርሻ በተነዳበት ጊዜ በ1930 ፈረሰ፤ በ1932ና በ1933 በደረሰውም ረኀብ በዩክሬን፥ በካዛክስታንና በደቡብ ሩስያ በሚሊዮን የሚቈጠር ሕዝብ አለቀ። የሚያጠቃው ነገር ቢወገድለት ይኖራል ሲል ማርክስ የተናገረለት ማኅበር፥ በማርክስ ስም ተደመሰሰ።

የአምስቱ ደረጃዎች ትምህርት እስከ ኢትዮጵያም ደረሰ። በአገር ውስጥና በውጭ አገር የነበሩ ተማሪዎች፥ ኢትዮጵያ በየትኛው ደረጃ ላይ ትገኛለች፥ ቀጥሎስ የሚመጣው የትኛው ነው እያሉ በብርቱ ተከራከሩ። በኢትዮጵያ አቈጣጠር በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት መሆኑ ታወጀ፤ በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም ወጣ። በመሬቱ አዋጅ ብዙ ጭሰኛ ከባለ መሬት ቀንበር መላቀቁ የማይካድ ነው። ዳሩ ግን ሁሉም አንዱን የማርክስና የሌኒን ትምህርት የሚጠቅሱ ወገኖች፥ ደረጃውን በትክክል ያወቅሁ እኔ ነኝ በማለት ተፋጁ፤ በ1969ና በ1970 ዓ.ም. በቀይ ሽብር ዘመን የብዙ ወጣት ደም ፈሰሰ። ታሪክ በእርሱ ወገን መቆሙን የተረዳ ሰው፥ የሚቃወመውን እንደ ተሳሳተ ወንድም ሳይሆን በታሪክ መንገድ ላይ እንደ ተጋደመ ድንጋይ ይመለከተዋልና። መስከረም 1977 ዓ.ም. የሠራተኞች ፓርቲ ተመሠረተ፤ በ1982 ዓ.ም. ያው መንግሥት ወደ ቅይጥ ኢኮኖሚ መመለሱን አስታወቀ፤ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ወደቀ። ለዚህ ፍጻሜ ከአምስቱ ደረጃዎች በአንዱም ስፍራ አልተዘጋጀለትም ነበር።

ፈላስፎች ስለዚህ ነገር የሰጡት መልስ ልዩ ልዩ ነው። በኦስትርያ የተወለደው ካርል ፖፐር በ1944ና በ1945 በመጽሔት አውጥቶ በ1957 በመጽሐፍ ያሳተመውን ክርክር፥ በማይታጠፍ የታሪክ ዕጣ በማመን ምክንያት ለሞቱት ከየሃይማኖቱና ከየነገዱ ለሆኑ ሰዎች መታሰቢያ አደረገው። ዋናው ማስረጃው እንዲህ ነው። የሰው ታሪክ በዕውቀት ማደግ ይለወጣል፤ ነገ የሚገኘውን ዕውቀት ግን ዛሬ ማወቅ አይቻልም፥ ዛሬ ከታወቀ የነገ ዕውቀት መሆኑ ይቀራልና፤ ስለዚህ የታሪክን የወደፊት መንገድ በሳይንስ መተንበይ አይቻልም። ደግሞም ዝንባሌና ሕግ አንድ አይደሉም አለ። ለብዙ ዘመን የታየ ዝንባሌ የቆመበት ሁኔታ ሲለወጥ ይቆማል። የግርዶሽ ቀን አስቀድሞ የሚታወቀው፥ ፀሓይና ጨረቃ ከውጭ የሚያናውጣቸው ሳይኖር ዘወትር አንድ ዓይነት ዙር ስለሚዞሩ ነው፤ የሰው ማኅበር ግን እንዲህ አይደለም።

ኢሳያስ በርሊን በ1953 ባደረገው ንግግር ሌላ ነገር ጨመረ። ሁሉ የግድ የሚሆን ከሆነ ማመስገንና መውቀስ፥ ፍርድና ንስሓ ትርጕም ያጣሉ አለ። ይህን የተቃወመው የታሪክ ሊቅ ካር በ1961፥ ምክንያትን መመርመር ሰውን ከኀላፊነት አያድንም፤ ምክንያት የማይፈልግ የታሪክ ጸሐፊ ተራኪ እንጂ ሊቅ አይባልም ሲል መለሰ። ሁለቱም እውነት አላቸው። ምክንያት ሳይፈለግ ታሪክ አይማሩበትም፤ ምክንያቱም ሁሉን ካሰረ የሚማርበት ሰው አይኖርም።

ዛሬም ክርክሩ አላለቀም። ፒተር ተርቺን የተባለ ሊቅ ስለ ሕዝብ ብዛት፥ ስለ ኑሮ መራራቅና ስለ ሥልጣን ፈላጊዎች መብዛት የተሰበሰበውን ቍጥር መርምሮ፥ በ2010 በታተመ ጽሑፉ አሜሪካ በ2020 አካባቢ ብርቱ ሁከት ያገኛታል ብሎ ጻፈ። ከዐሥር ዓመት በኋላ የደረሰውን ያየ ሰው ይህን እንደ ቀላል ነገር አይንቀውም። ነገር ግን ተርቺን ራሱ በዚያው ጽሑፍ፥ ጥንቃቄ ቢደረግ ክፉውን ማስቀረት ይቻላል ብሏል። የተናገረው የማይቀር ዕጣ ሳይሆን፥ እንዲህ ያለ ሁኔታ ሳይታረም ቢቀር እንዲህ ያለ ነገር ይከተላል የሚል ነው።

ልዩነቱም በዚህ ላይ ነው። ከታሪክ የሚገኘው ጠቃሚ ሕግ «እንዲህ ቢሆን» የሚል ቃል አለበት። ለምሳሌ ሕንዳዊው ሊቅ አማርትያ ሴን በ1981 ባሳተመው መጽሐፍ፥ በ1943 በቤንጋል፥ ከ1972 እስከ 1974 ድረስ በወሎ የደረሰውን ረኀብ መረመረ። በወሎ ሕዝብ ሲሞት በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ እጅግ አልናረም፤ እንዲያውም እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር። መኸር የጠፋበት ገበሬ መግዣ ስለሌለው እህሉ አጠገቡ እያለፈ ሞተ። ሴን ከዚህና በኋላ ካደረገው ምርመራ፥ ረኀብ ከእህል ማነስ ብቻ እንደማይመጣ፥ ጋዜጣ በነፃ በሚጽፍበትና መንግሥት ለሕዝብ በሚጠየቅበት አገርም ብርቱ ረኀብ እንደማይደርስ ደመደመ። ይህም የታሪክ ሕግ ነው። ነገር ግን የሚያዘው ተቀምጦ መቍጠርን አይደለም፤ ለተቸገረው መግዣ ስጥ፥ የሰማኸውን አትደብቅ ብሎ ያዛል። ያወቀው ሹም ጥፋቱን ሊከለክል ይችላል፤ ሳይከለክልም ቢቀር አላወቅሁም አይልም።

ካህናት በዚህ ነገር ከዮናስ መጽሐፍ የቀረበ ምሳሌ አላቸው። ነቢዩ ነነዌ ትጠፋለች ብሎ ሰበከ፤ ከተማይቱ ግን አልጠፋችም፥ ንጉሡና ሕዝቡ ሰምተው ተመልሰዋልና። ዮናስ ቃሉ ባለመድረሱ አዘነ። ቀመሩ ከሰዎቹ ሕይወት ይልቅ የከበረበት ሰው ሁሉ እንደዚያ ያዝናል። የነነዌ ሰዎች ግን ነገሩ ተቈርጧል ብለው ቢቀመጡ ኖሮ ባልዳኑም ነበር።

እንግዲህ በመንግሥት ሥራ ላይ ያለ ሰው፥ ይህ ሥራ የታሪክ ግዴታ ነው፥ ዘመኑ ያመጣው ነው የሚል ቃል ሲቀርብለት፥ ዕቅዱን ከመፈረሙ በፊት ሊመረምረው ይገባዋል። ሕጉ በየትኛው አገርና ሁኔታ ታይቶ ተገኘ? በዚህ አገር ያለው ሁኔታስ ያን ይመስላልን? ያልታሰበ ነገር ቢደርስ ተመልሶ ለማረም መንገድ ተትቶለታልን? ዋጋውንስ የሚከፍለው ማን ነው? ዛሱሊች ከጄኔቫ የጻፈችው ጥያቄ ይህንኑ የመሰለ ነበር፤ መልሱ በጊዜው ለሕዝብ ቢገለጥ ኖሮ ቢያንስ ስሙን ለማመካኛ መጥቀስ ባልተመቸ ነበር። የፋሲካን ቀን ቀመር ያወጣዋል፤ በዚያ ቀን የድኻው ቤት መፈሰኪያ ማግኘቱንና አለማግኘቱን ግን የሚወስነው፥ ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ የሚፈረመው ወረቀት ነው።